ኤርብረሽ ለመግዛት፦ ከኖዝሉ ቁጥር በፊት አፈታቱን እዩ

ኤርብረሽ ቀለምን በአየር ግፊት አድቅቆ የሚረጭ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። እሱን ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የኖዝሉን፣ ማለትም ቀለሙ የሚወጣበትን አፍንጫ ቀዳዳ፣ «ስንት ሚሊሜትር ይሻላል?» ብሎ ነው። 0.2 ልግዛ፣ 0.3 ወይስ 0.5? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ከእሱ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ቀለም ውስጡ ሲደርቅበት እንዴት ይፈታል? ኖዝሉ ቢሰነጠቅ ምትኩን ከየት አገኛለሁ? ብዙ ሰው ኤርብረሹን ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የሚረሳው መስመሩ ስላልቀጠነለት አይደለም፤ ማጽዳቱ ስላማረረው ነው። ስለዚህ እዚህ የማወዳድራቸውን ሁሉ በዋናነት የምመዝናቸው በዚህ ነው።

የኔ ሥራ ትንንሽ የአውሮፕላን ሞዴል መሥራትና መቀባት ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ አፓርታማ ላይ ስለሆነ ድምፁም፣ ሽታውም፣ የቦታ ጥበቱም ያሳስበኛል። በብዛት የምሠራው የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላኖች ነው። በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያው የካይሮ በረራ የተደረገባት ሲ-47 የምትባለው አሮጌ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አለች። ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ በ2012 የተረከበው 787 ድሪምላይነርም አለ። ሁለቱ ከኤርብረሽ የሚጠይቁት ለየቅል ነው። ሲ-47 ቀለም ያልነካው ብረት መምሰል አለባት። ድሪምላይነሩ ሰፊ ነጭ አካልና አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሚያርፍበት ጅራት አለው። በ1/72 (ከእውነተኛዋ 72 ጊዜ አንሳ) የተሠራች ሲ-47 የክንፏ ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ1/144 የተሠራ 787-8 ደግሞ ከአፍንጫ እስከ ጅራት 39 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሁለቱም ጠረጴዛ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛሉ። አንድ ኤርብረሽ ሁለቱን ከቻለ ለብዙ ሰው ይበቃል።

ውስጡ ምን አለ?

መሐሉ ላይ ረጅም መርፌ አለ። የመርፌው ጫፍ ኖዝል በሚባለው ትንሽ ሾጣጣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። አየር በኖዝሉ ዙሪያ በፍጥነት ሲያልፍ ጫፉ ላይ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ቀለሙ ተስቦ ይወጣና ይደቃል። መርፌው ወደ ኋላ በተሳበ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል፣ ቀለሙም ይበዛል።

«ደብል አክሽን» የሚባለው ቃታው ሁለት ሥራ የሚሠራ ነው። ወደ ታች ስትጫኑት አየር ይወጣል፣ ወደ ኋላ ስትስቡት ቀለም ይከተላል። «ሲንግል አክሽን» ላይ ግን የቀለሙን መጠን አስቀድማችሁ ትወስኑና ቃታው አየር ብቻ ይለቅቃል። የቀለም ጽዋው ከላይ ከሆነ ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ዝቅ ያለ ግፊት ይበቃዋል፤ በጥቂት ጠብታም ይሠራል። ከሥር በጠርሙስ የሚስብ ከሆነ ጠንከር ያለ ግፊት ይፈልጋል፤ የሚያዋጣው ብዙ ቀለም ለሚጨርስ ሰው ነው። ለሞዴል ሠሪ ደብል አክሽን ሆኖ ጽዋው ከላይ የሆነውን እመክራለሁ። ፓሼ ኤች ከሚባለው በስተቀር እዚህ የማነሳቸው ሁሉ እንዲህ ናቸው።

ኖዝሉ እንዴት ነው የሚገባው?

ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። ሻጮች ግን ስለዚህ እምብዛም አያወሩም።

የመጀመሪያው ዓይነት ትንሽ፣ እንደ ብሎን በጥርስ እየዞረ የሚጠብቅ ኖዝል ነው። ሩዝ ፍሬ የማያህል ነገር ነው። የሚፈታው አብሮ በሚመጣ ጠፍጣፋ ቁልፍ ነው። ትንሽ ከጠበቀ ጥርሱ ተቆርጦ ውስጥ ይቀራል፤ ያን ጊዜ እሱን ማውጣት ትልቅ ጣጣ ነው። ከላላ ደግሞ አየር በጥርሱ በኩል ሾልኮ ወደ ጽዋው ይገባና ቀለሙ አረፋ ያወጣል። ሲታጠብ ከእጅ ካመለጠ በቀጥታ ወደ ሲንኩ ቀዳዳ ነው። የቻይናዎቹ ርካሽ ኤርብረሾች፣ የኢዋታ ኒዮ እና የፕሮኮን ቦይ አብዛኞቹ ሞዴሎች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁሉም እኩል አይደሉም። ጥርሱ በጥራት የተቀረጸ ከሆነ በጣት እስኪቆም አዙሮ፣ ከዚያ በቁልፉ ትንሽ ብቻ ማጥበቅ በቂ ነው። ጥርሱ የተበላሸ ከሆነ ግን ጥንቃቄም አያድነውም።

ሁለተኛው ተለቅ ያለ ሾጣጣ ኖዝል ነው። ጥርስ የለውም። ቦታው ላይ ታስቀምጡትና የፊተኛው ክዳን ሲጠብቅ ራሱ መሐል ላይ ይቆማል። ቁልፍ አያስፈልግም። የኢዋታ ኢክሊፕስና የባጀር ፓትሪዮት እንዲህ ናቸው። ኖዝሉ በጣት የሚያዝ መጠን ስላለው ውስጡን በጥሩ ማጽዳት ይቻላል።

ሦስተኛው የጀርመኑ ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ መንገድ ነው። ኖዝሉ ትንሽ ነው፣ ግን ጥርስ የለውም። ከትንሽ ማሸጊያ ጋር ገብቶ ጭንቅላቱ ሲጠብቅ ይያዛል። መርፌውንም ኖዝሉንም ያለ አንዳች መሣሪያ አውጥታችሁ የሌላ መጠን መቀየር ትችላላችሁ። ሥራ መሐል ላይ ቢደፈን ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ መልሶ መግጠም ቀለሙ ሳይደርቅ ይደርሳል።

እንግዲህ ወደ መሣሪያዎቹ።

የቻይናዎቹ

ከ20 እስከ 40 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ቢዲ-130 እና መሰሎቹ በብዙ የተለያየ ስም ይሸጣሉ፤ ውስጣቸው ግን ተመሳሳይ ነው። ብዙ ጊዜ 0.2፣ 0.3 እና 0.5 ኖዝል ከነመርፌው በአንድ ሳጥን ይመጣል። ንድፋቸው መጥፎ አይደለም፤ ጽዋው ከላይ የሆነ የታወቀ ቅርጽ ነው። የሚያስቸግረው አንዱ ከሌላው አለመመሳሰሉ ነው። ከአንድ ሱቅ የተገዙ ሁለት ሳጥኖች ቢከፈቱ አንዱ ቀጥ ያለ ጥሩ መስመር ይሠራል፣ ሌላው ኖዝሉ ስለተጣመመ ቀለሙን ወደ ጎን ይረጫል።

ሌላው ጎሚኒው ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ተራ ጎማ ስለሆነ ላከር ለሚባለው በውሃ የማይቀጥን ቀለም የሚውለው ጠንካራ ቲነር ሲነካው ያብጣል፣ ቃታውም ይከብዳል። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ይህ ብዙ አያስጨንቅም። ለላከር ግን ውስጣቸው የቴፍሎን ማሸጊያ ያለባቸውን መፈለግ ይሻላል።

እንዳትገዙ አልልም። በተለይ ለፕራይመር (ከቀለም በፊት ለሚቀባው መነሻ) እና ለቫርኒሽ (በመጨረሻ ከላይ ለሚቀባው መከላከያ) ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ኤርብረሽ ብትፈልጉ ጥሩ ነው። እንደደረሰ ግን ቀለም ሳይነካው ፈትሹት። መርፌውን አውጡና መስታወት ላይ አንከባልሉት፤ ጫፉ ከተወላገደ ወዲያው ይታያል። የኖዝሉን አፍ በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ እዩ፤ ክብ መሆን አለበት፣ ስንጥቅ ሊኖረው አይገባም። ከዚያ ውሃ ጨምሩና ንፉ። ጽዋው ውስጥ አረፋ ካለ አየር በኖዝሉ ጥርስ በኩል እያመለጠ ነው። ጥርሱ ላይ ትንሽ የንብ ሰም መቀባት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

ኒዮ እና ፕሮኮን ቦይ

ኢዋታ የጃፓን ኩባንያ ነው። ኒዮ የሚባለው መስመሩ ለጀማሪ ተብሎ ታይዋን ውስጥ የሚመረት ነው። ኒዮ ሲኤን ኖዝሉ 0.35 ነው። ዋጋው ከቻይናዎቹ በላይ፣ ከኢክሊፕስ በጣም በታች ነው። ቃታው ለስላሳ ነው፤ መለዋወጫውም በስሙ ተለይቶ ይሸጣል። ከ100 ዶላር በላይ ማውጣት ለማይፈልግ ጀማሪ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው። ኖዝሉ ትንሽና በጥርስ የሚገባ መሆኑን ግን እያወቃችሁ ግዙት።

ፕሮኮን ቦይ ፒኤስ-289 የጃፓኑ ጂኤስአይ ክሪዮስ ምርት ነው። ኖዝሉ 0.3፣ ጽዋው 10 ሲሲ ነው። ሚስተር ከለር የሚባለውን የላከር ቀለም የሚሠራውም ይኸው ኩባንያ ስለሆነ መሣሪያው ለላከር የታሰበ ነው። አጨራረሱ እጅግ ያምራል። 0.3 ለሞዴል ሥራ መሐለኛ መጠን ነው፤ ሰፊውንም ጠባቡንም ይነካካል። መለዋወጫው በዋናነት የሚመጣው ከጃፓን ስለሆነ፣ የምትኖሩበት አገር የሚገኝ መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። ስትገዙት አንድ ተጨማሪ ኖዝል አብራችሁ ብታዙ ጥሩ ነው።

ፓትሪዮት

ባጀር የአሜሪካ፣ የኢሊኖይ ኩባንያ ነው። ፓትሪዮት 105 ኖዝሉ 0.5 ነው። ይህ ኤርብረሽ ወፍራም ቀለም ይቅር ይላል። አክሪሊክ በደንብ ሳይቀጥን ቢገባ እንኳ ብዙ አይደፈንም። መርፌውም ጠንከር ያለ ነው። ፕራይመር፣ ነጭ ቤዝ፣ ቫርኒሽ ለመሳሰሉት ሰፋፊ ሥራዎች እሱን መያዝ ደስ ይላል፤ ሥራው ቶሎ ያልቃል። ከኢክሊፕስ ጋር ሲተያይ የሚያንሰው በቀጭን መስመር ነው። ጎበዝ እጅ ያለው ሰው ከፓትሪዮትም ቀጭን ነገር ያወጣል፤ ግን የሚታገለው ከመሣሪያው ጋር ነው።

ትንንሽ የሰው ቅርጾችን ለሚቀቡ ልጆችና የጦርነት ጨዋታ ቅርጾችን ለሚሠሩ ሰዎች ከኢክሊፕስ በፊት እሱን እመክራለሁ። እነሱ የሚጠቀሙት አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ ነው። ለአክሪሊክ ደግሞ ሰፊ ቀዳዳ እፎይታ ነው።

ኢክሊፕስ

ኢዋታ ኢክሊፕስ ኤችፒ-ሲኤስ የኔ የዘወትር መሣሪያ ነው። ኖዝሉ 0.35፣ ጽዋው 9 ሚሊ ሊትር ነው። ዋጋው እንደ ጊዜውና እንደ ሱቁ ይለያያል፤ አሜሪካ ውስጥ 150 ዶላርና ከዚያ በላይ አስቡ። ከኒዮ ጋር ቁጥሩ እኩል ሆኖ ለምን ይህን ያህል እከፍላለሁ ለሚል ሰው መልሱ ኖዝሉ ነው። ተለቅ ያለ፣ ያለ ጥርስ የሚቀመጥ ነው። ፊቱን በእጅ ፈትቶ፣ ኖዝሉን አውጥቶ፣ ጠርጎ መመለስ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ማጽዳት ያላስፈራው ሰው ደግሞ ያጸዳል፤ የጸዳ ኤርብረሽ ለዓመታት እንደ መጀመሪያው ቀን ይሠራል።

ቃታውን ትንሽ ስትስቡት ቀለሙን ትንሽ ብቻ ይሰጣችኋል። የሲ-47ን የክንፍ ሽፋኖች አንዱን ከአንዱ በጥቂቱ ለማጥቆር የምፈልገው ይህን ነው። ለሰፊ ነጭ ሥራም አይዘገይም።

ኢቮሉሽን

ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ ሃምቡርግ አጠገብ ነው የሚሠራው። ኢቮሉሽን ሲልቨርላይን «ሁለት በአንድ» የሚባለው ሳጥን 0.2 እና 0.4 ኖዝል ከነመርፌያቸው፣ 2 እና 5 ሚሊ ሊትር ጽዋዎችን ይዞ ይመጣል። አንድ መሣሪያ ገዝታችሁ ሁለት ታገኛላችሁ ማለት ነው። ነጩን በ0.4፣ ጥቃቅኑን በ0.2 ትሠራላችሁ። ጽዋውም የሚፈታ ስለሆነ ውስጡን ማጽዳት በጣም ይቀላል።

ከኢክሊፕስ ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው በአፈታት ኢቮሉሽን ይቀድማል፤ ከሁሉም ይቀድማል። በቃታ ስሜት ግን እኔ ኢክሊፕስን እመርጣለሁ። ይህ የእጅ ጉዳይ ነው፤ የኢቮሉሽንን ቃታ የሚወዱ ብዙ ናቸው። የጽዋው ነገር ግን ልብ ይባል። 5 ሚሊ ሊትር ለአንድ ትልቅ ሞዴል ነጭ ቀለም ደጋግሞ መሙላት ይጠይቃል። የኖዝሉ ማሸጊያም ትንሽ ስለሆነች ስትፈቱ ነጭ ጨርቅ ላይ ፍቱ።

የዚሁ ቤተሰብ ታናሽ አልትራ ይባላል፤ ለጀማሪ የተሠራና ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ታላቁ ኢንፊኒቲ ነው። ኢንፊኒቲ ከኋላው ቃታው የሚሳብበትን ርቀት የሚገድብ መቆጣጠሪያ አለው፤ 0.15 ኖዝል ያለው ሳጥንም አለ። አውሮፓ ለምትኖሩ መለዋወጫው ቅርብ ስለሆነ ይህ ቤተሰብ ከጃፓኖቹ ይልቅ ያዋጣችኋል።

ባጭሩ የማልፋቸው

የኢዋታ ከስተም ማይክሮን እስከ 0.18 የሚወርድ የሠዓሊ መሣሪያ ነው። ድንቅ ነገር ነው፤ ለሞዴል አክሪሊክ ግን ቀዳዳው በጣም ጠባብ ነው። ፓሼ ኤች የአሜሪካ ጥንታዊ መሣሪያ ነው፤ ፓሼ ከ1904 ጀምሮ ያለ ኩባንያ ነው። ቀለሙና አየሩ የሚገናኙት ውጭ ላይ ስለሆነ ጽዳቱ ወዲያው ያልቃል። 1፣ 3 እና 5 የሚባሉ ሦስት መጠኖች አሉት። ለፕራይመር ብቻ የሚሆን የማያስቸግር ነገር ለሚፈልግ ጥሩ ነው፤ ቀጭን መስመር አይጠበቅበትም። አውራ ጣቱን የሚያመው ሰው ደግሞ የሽጉጥ እጀታ ያላቸውን ይሞክር፤ ኢዋታ ኒዮ ቲአርኤን1 አንዱ ነው።

በባትሪ የሚሠሩት፣ አየር የሚያምቀው ኮምፕሬሰር እጀታው ላይ የተገጠመላቸው፣ ለሜካፕና ለጥፍር ሥራ ይሆናሉ። ለአውሮፕላን አካል አየራቸው ይርገበገባል፤ ግፊቱን እንደ ልብ ማስተካከልም አይቻልም። ኬክ ለምትቀቡ ደግሞ አንድ ቃል፦ ለኬክ የሚውል ኤርብረሽ ሌላ ቀለም ጨርሶ ነክቶት አያውቅ።

ሁለት አውሮፕላኖች ላይ

ድሪምላይነሩን እንውሰድ። ነጭ ቀለም አስቸጋሪ ነው። አንዴ ወፍሮ ከተቀባ ይፈሳል፣ በስሱ ከተቀባ ደግሞ ሥሩን ያሳያል። እንደ ወተት ቀጥኖ፣ በ1.3 ባር የአየር ግፊት አካባቢ፣ በስሱ ተደጋግሞ ነው የሚቀባው። እዚህ ፓትሪዮትና የኢቮሉሽን 0.4 ይመቻሉ፤ ኢክሊፕስም ይከተላቸዋል። በ0.2 መሞከር ግን ጊዜ ማባከን ነው። መሐል ላይ ጫፉ ይደርቃል፣ ከዚያ ድንገት ጠብታ ይተፋል፤ ነጭ ላይ የተተፋ ጠብታ ደግሞ አይደበቅም። ጅራቱ ላይ ቢጫውን ከአረንጓዴውና ከቀዩ አስቀድሙ፤ ከሥሩም ነጭ ይሁን። ቢጫ ግራጫ ላይ ከተቀባ የቆሸሸ ይመስላል።

ሲ-47 ሌላ ዓለም ናት። መጀመሪያ የሚያብለጨልጭ ጥቁር፣ ከላዩ በጣም የቀጠነ የብረት ቀለም። ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ ከ0.8 እስከ 1 ባር። የብረት ቀለሞቹ የተዘጋጁት ቀጥነው ስለሆነ በ0.3 እና በ0.35 ያምራሉ፤ ፒኤስ-289፣ ኢክሊፕስና ኒዮ ሦስቱም እኩል ይሆናሉ ብል ማጋነን አይደለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከሥራ በኋላ ነው። የብረት ብናኝ ውስጥ ከቀረ ቀጥሎ የሚቀባው ነጭ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ስለዚህ እስከ ኖዝሉ ድረስ ፈትቶ ማጠብ ግድ ነው፤ እዚህ ላይ ኢክሊፕስና ኢቮሉሽን ዋጋቸውን ይመልሳሉ። ቨርጂኒያ፣ ሻንቲሊ የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል ለዚህ አካባቢ ነዋሪ ትልቅ ዕድል ነው። ያልተቀባ አሉሚኒየም ብርሃን ሲያርፍበት አንድ ዓይነት ብር እንደማይመስል እዚያ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ኮምፕሬሰሩ

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ከኤርብረሹ ላይ ቀንሳችሁ ኮምፕሬሰሩ ላይ ጨምሩ። ታንክ የሌለው ኮምፕሬሰር አየሩን እያንገጫገጨ ይልካል፤ ውድ ኤርብረሽም ቢሆን መስመሩን ያንቀጠቅጠዋል። ታንክ ያለው ግን አየሩን ያረጋጋል፤ ሞተሩም እያረፈ ይሠራል።

ኤኤስ-186 የሚባለው የቻይና ኮምፕሬሰር በብዙ ስም በየአገሩ ይሸጣል። የሞተሩ ጉልበት 1/6 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ታንኩ 3 ሊትር ይይዛል። ግፊቱ 3 ባር ሲደርስ ይነሳል፣ 4 ባር ሲሞላ ይቆማል። ሬጉሌተር (የግፊት ማስተካከያ) እና ውሃ ማጥመጃ አብሮት አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ አፓርታማ ውስጥ ማታም ቢሠራ ጎረቤት አያስቀይምም። ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ወይም ስፖንጅ አድርጉለት። ታንኩን ከሥር ከፍታችሁ ውሃውን ማስወጣት አትርሱ። የሜሪላንድ ክረምት ላልለመደ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በሐምሌው ወበቅ ግን ውሃው ከቀለሙ ጋር ይወጣል።

የአየር ቱቦው መግጠሚያም ይታይ። ኢዋታና የቻይናዎቹ 1/8 ኢንች ጥርስ አላቸው። ባጀርና ፓሼ የየራሳቸው አላቸው። ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ ጠቅ ብሎ የሚገባ ፈጣን መግጠሚያ ይጠቀማል። አስማሚው ርካሽ ነው፤ አብሮ ካልታዘዘ ግን ኤርብረሹ ደርሶ ሥራ ሳይጀምር ይቀመጣል።

ወደ አዲስ አበባ ለምትልኩ

ኤርብረሹን ከየትም መላክ ይቻላል፤ ኮምፕሬሰሩን ግን ከአሜሪካ አትላኩ። እዚህ መብራቱ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ አገር ቤት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በትራንስፎርመር ቮልቱን ማውረድ ይቻል ይሆናል፤ ኸርዙ ግን አይለወጥም። ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ሲሠራ ይዘገያል፣ ይግላል። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከኤምሬትስ የሚመጣው ግን ቮልቱም ኸርዙም ስለሚገጥም ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ያው ኮምፕሬሰር ታንኩን ለመሙላት እዚያ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ታንክ የሌለውማ ጨርሶ አይመከርም። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነና ቲነሩም ቶሎ ስለሚተን ቀለሙ መርፌው ጫፍ ላይ ይደርቃል። መድረቁን የሚያዘገይ ሪታርደር ጠብ ማድረግ ይረዳል። ከ0.2 ይልቅ 0.35 ወይም 0.4 መምረጥም እንዲሁ። መብራት ድንገት ቢጠፋ 3 ሊትሩ ታንክ የሚያሠራው ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ያንን አየር ለመቀባት ሳይሆን ኤርብረሹን ለማጠብ ተጠቀሙበት።

እዚያ መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ከመሣሪያው ጋር አብረው መሄድ ያለባቸው አንድ ትርፍ ኖዝል፣ አንድ ትርፍ መርፌና የማሸጊያ ስብስብ ናቸው። ለአዲስ አበባ ሰው የምመርጠው ኢክሊፕስን ነው። የ20 ዶላሩን ለሚገዛ ደግሞ ሁለት ሳጥን ቢገዛ ይሻላል፤ አንዱ የሌላው መለዋወጫ ይሆናል።

ማጽዳትና ሳንባ

ቀለም በለወጣችሁ ቁጥር ጽዋውን ጠርጋችሁ ቲነር ወይም ማጽጃ ንፉ። የኖዝሉን ፊት በጣት ወይም በጨርቅ ከድናችሁ አየር ስትለቁ ወደ ጽዋው ተመልሶ አረፋ ያወጣል፤ የቀረውን ቀለም ይነቅለዋል። ሲጨርሱ መርፌውን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ከኋላ ወደ ጫፉ ማጥራት ነው፤ ከጫፉ ወደ ኋላ ከሆነ ይወጋችኋል፣ መርፌውም ይታጠፋል። ለአፍ ጥርስ መሐል ማጽጃ የሚሸጡት ትንንሽ ብሩሾች ለውስጡ ጥሩ ናቸው። ኖዝሉ ውስጥ ግን ጠንካራ ብረት አታስገቡ።

ላከር ለምትረጩ ለኦርጋኒክ ትነት የተሠራ ካርትሪጅና የብናኝ ማጣሪያ ያለው ጭንብል የግድ ነው። የወረቀቱ ጭንብል ትነቱን አያግደውም። ለአክሪሊክም ቢሆን ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። ጋራዥ ውስጥ የሚረጨው ማጠንከሪያ ያለው የመኪና ክሊር ደግሞ አይሶሳያኔት የሚባል ሳንባን የሚጎዳ ኬሚካል ስላለው ቤት ውስጥ በኤርብረሽ ፈጽሞ አትርጩት። መስኮት አጠገብ ሆናችሁ አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ሳጥን ብታደርጉ ልጆች ላሉበት ቤት በተለይ አስፈላጊ ነው። ይህን ወጪ ከኤርብረሹ ዋጋ ጋር አንድ ላይ ቁጠሩት።

ማን ምን ይግዛ?

ይወደው አይወደው ገና ላላወቀ ሰው፦ ኒዮ ሲኤን ከኤኤስ-186 ጋር። በአክሪሊክ ብቻ ለሚሠራና ማስተካከል ለማይወድ፦ ፓትሪዮት። አውሮፓ ለሚኖር፣ ወይም ሰፊውንም ጥቃቅኑንም በአንድ መሣሪያ መሥራት ለሚፈልግ፦ ኢቮሉሽን ሁለት በአንድ። ላከር ለሚወድና የጃፓን መለዋወጫ ለሚደርሰው፦ ፒኤስ-289። ለዓመታት የሚቆይ አንድ ብቻ ለሚፈልግ ኢክሊፕስ፤ አቅሙ ሲፈቅድ ለፕራይመር አንድ ርካሽ ይጨምርበት።

ከመክፈላችሁ በፊት የኖዝሉን መለዋወጫ ዋጋ ፈልጉ። ኢክሊፕስም ሆነ ኢቮሉሽን፣ የአንዱ ኖዝል ዋጋ አንድ የቻይና ኤርብረሽ ሊገዛ ይችላል። ሱቁ መርፌና ኖዝሉን ለየብቻ የማይሸጥ ከሆነ፣ ሌላ ሱቅ ፈልጉ።